ትንፋሹ ጥቂት፤ ድምፁ ብዙ፦ የቱባ ነፊው የአርኖልድ ጃኮብስ የሕይወት ታሪክ

በዓለም ላይ ስማቸው የሚጠራ የሙዚቃ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም የሚበዙት ወይ ዜማ የደረሱ፣ ወይ በፒያኖና በቫዮሊን የተደነቁ፣ ወይም በድምፃቸው ሕዝብን የማረኩ ናቸው። በኦርኬስትራው የኋላ መደዳ ተቀምጦ፣ ፊቱ በመሣሪያው ተሸፍኖ፣ ለሌሎቹ ድምፅ መሠረት ሲጥል ዕድሜውን ጨርሶ ስሙን ለትውልድ ያተረፈ ሰው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ የቺካጎው ቱባ ነፊ አርኖልድ ጃኮብስ ነው። ታሪኩን ይልቁንም አስደናቂ የሚያደርገው፣ ከናስ መሣሪያዎች ሁሉ ብዙ ትንፋሽ የሚጠይቀውን መሣሪያ ዕድሜ ልኩን የነፋው በአስም የሚቸገርና የሳንባው ይዞታ ከብዙ ባልንጀሮቹ ያነሰ ሰው መሆኑ ነው።

ስለ ሰውየው ከመናገር በፊት መሣሪያው ምን እንደ ሆነ መግለጥ ይገባል። ቱባ የሚባለው መሣሪያ ከናስ ከሚሠሩት የትንፋሽ መሣሪያዎች መካከል ትልቁና ድምፀ ወፍራሙ ነው። በበርሊን ከተማ የፕሩስያን የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ያደራጀው ቪልሄልም ቪፕሬክትና መሣሪያ ሠሪው ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትስ በ1835 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተቀብለው ያወጡት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቱባ በልዩ ልዩ መጠን ተሠርቷል። የተጠማዘዘው ቧንቧ ተዘርግቶ ቢለካ፣ የፋ ቱባ የሚባለው 3 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ዘንድ የተለመደው የዶ ቱባ 4 ሜትር ከ90 ያህል፣ ከሁሉም የሚረዝመው የሲ ቤሞል ቱባ ደግሞ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። የትልቁ ቱባ ክብደት 10 ኪሎ ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን ተጫዋቾች ብዙዎች ሲሆኑ፣ ቱባ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህም ቱባ ነፊው የሚሳሳትበትን ድምፅ የሚሸፍንለት ጓደኛ የለውም።

አርኖልድ ጃኮብስ ጁን 11 ቀን 1915 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፊላዴልፍያ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በካሊፎርንያ ነው። ቤተሰቡ ሙዚቃ ወዳድ ነበር። እናቱ ፒያኖ የምትጫወት ስለ ነበረች፣ ልጁ ለሙዚቃ ያደረበትን ፍቅር ያገኘው ከእርስዋ እንደ ሆነ ኋላ በዕድሜው ሁሉ ሲመሰክር ኖሯል። በመጀመሪያ የያዘው ቁልፍ የሌላትን የወታደር ጥሩምባ ነው። ከጥሩምባይቱ ወደ ትረምፔት፣ ከትረምፔት በእጅ እየተሳበ ወደሚነፋው ትሮምቦን፣ ከትሮምቦንም በመጨረሻ ወደ ቱባ ተሸጋገረ። እንዲህ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየወጣ መሄዱ ለኋላው ሥራው ታላቅ ጥቅም ሰጥቶታል፤ የናስ መሣሪያ ሁሉ ከንፈርን በማርገብገብ የሚሠራ የአንድ ቤተ ሰብ ልጅ መሆኑን በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ አፉ ተምሮታልና።

ዕድሜው 15 ዓመት ሲሆን በተወለደበት ከተማ በፊላዴልፍያ የሚገኘው ከርቲስ የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ተቀበለው። ይህ ትምህርት ቤት ተማሪን የሚቀበለው በችሎታው መዝኖ ነው፤ የተቀበለውንም የትምህርት ዋጋ አያስከፍለውም። በዚያም የቱባ መምህሩ የፊላዴልፍያ ኦርኬስትራ ቱባ ነፊ የነበረው ፊሊፕ ዶናቴሊ ነበር። በተጨማሪም ኦቦ ከሚባለው የእንጨት መሣሪያ ታላላቅ ነፊዎች አንዱ ከነበረው ከማርሴል ታቢቶ ትምህርት፣ አንድ የዜማ ሐረግ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚደርስ አስተዋለ። ቱባ ነፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው ረጃጅምና ጥቂት ድምፆች ብቻ ስለ ሆኑ ዜማን እንደ ዘፋኝ ማሰብ አይለምዱም ነበር። ጃኮብስ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ አንዲቱንም ድምፅ ቢሆን የዜማ ክፍል አድርጎ መንፋትን ልማዱ አደረገ።

በዚያን ዘመን የፊላዴልፍያ ኦርኬስትራ መሪ ሌዎፖልድ ስቶኮቭስኪ ነበር። ስቶኮቭስኪ በወጣትነቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ስለ ነበረ፣ ኦርኬስትራው ከሥሩ እንደ ኦርጋን የሚሞላ ወፍራም ድምፅ እንዲኖረው ይመኝ ነበር። በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስ ከተማ የነበረው ዮርክ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካም ለዚህ ምኞት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁለት ታላላቅ የዶ ቱባዎች ሠራ። ቧንቧቸው ሰፊ፣ የድምፅ መውጫ አፋቸውም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። አራት ወደ ታች የሚጫኑ ፒስተኖችና በአምስተኛነት አንድ የሚዞር ቁልፍ ነበራቸው። ከእነዚህ አንዱ ለዶናቴሊ ተሰጠ።

ይሁን እንጂ መሣሪያውና ሰውየው አልተስማሙም። ዶናቴሊ ሆዱ ገፋ፣ ክንዱም አጠር ያለ ሰው ስለ ነበረ፣ ያን ትልቅ ቱባ ታቅፎ መንፊያውን ወደ ከንፈሩ ማድረስ እንዳልተመቸው ይነገራል። ተማሪው ጃኮብስ ግን ሲሞክረው እንደ ልኩ የተሠራ ሆኖ አገኘው። መምህሩም በ175 ዶላር ሸጠለት። ዘመኑ በአሜሪካ ንግድ የወደቀበትና ሥራ አጥ የበዛበት ስለ ነበረ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ለአንድ ተማሪ ቀላል አልነበረም። ጃኮብስ ዋጋውን ባንድ ጊዜ መክፈል ስላልቻለ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ከፈለ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ የተከፈለበት መሣሪያ ኋላ በዓለም ላይ ከታወቁት ቱባዎች ሁሉ የላቀ ስም አገኘ።

በዚህ ግዢ ውስጥ ለማንኛውም ዕቃ ገዢ የሚጠቅም ትምህርት አለ። ትልቅ ቱባ የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ በሦስት ነገር ይታለላል። መጀመሪያ፣ ታዋቂ ሰው የያዘው ሁሉ ለእርሱም የሚሆን ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ለመምህሩ ያልተመቸው ቱባ ለተማሪው እንደ ተስማማ፣ የመንፊያው ከፍታና የቁልፎቹ ስፍራ ከነፊው ቁመትና ክንድ ጋር መመዘን አለበት። ሁለተኛ፣ ለጆሮው ቀርቦ የሚጮኸውን ድምፅ ይወዳል፤ ነገር ግን ከመሣሪያው አጠገብ ታላቅ የሚመስል ድምፅ አዳራሹ መጨረሻ ሲደርስ የሚበተንበት ጊዜ ስላለ፣ ፍርዱ በሩቅ ለተቀመጠ አድማጭ ጆሮ መተው አለበት። ሦስተኛ፣ አንዱን ውብ ድምፅ ሰምቶ ይገዛል፤ መልካም ቱባ ግን ከታችኛው እስከ ላይኛው ድምፅ ሳይዛነፍ በልኩ የሚሄድ ነው። ዮርክ የሠራው ቱባ ሦስቱንም አሟልቶ ተገኘ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግዙፍ ሲሆን ለጥቂት ትንፋሽ ፈጥኖ የሚታዘዝ ነበር። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ለጃኮብስ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው የታወቀው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

ጃኮብስ በ1936 ዓ.ም. ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በፋብየን ሴቪትስኪ በሚመራው በኢንዲያናፖሊስ ኦርኬስትራ ሁለት ወቅት አገለገለ። ከ1939 እስከ 1944 ዓ.ም. በፒትስበርግ ኦርኬስትራ በፍሪትስ ራይነር ሥር ሠራ። በ1941 ዓ.ም. ስቶኮቭስኪ ካቋቋመው የአሜሪካ ወጣቶች ኦርኬስትራ ጋር አገሩን ዞረ። በ1944 ዓ.ም. ወደ ቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ገባ፤ በዚያም እስከ 1988 ዓ.ም. ማለት 44 ዓመት ቆየ። በዚህ ረጅም ዘመን መሪዎች እየተለዋወጡ መጥተው ሄደዋል፤ ኩቤሊክ፣ ራይነር፣ ማርቲኖን፣ ሶልቲ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጠባይና ትእዛዝ ይዘው መጡ። ቱባ ነፊው ግን በወንበሩ ጸና።

ራይነር በ1953 ዓ.ም. የቺካጎን ኦርኬስትራ ሲረከብ በጥብቅነቱ የሚፈራ መሪ ነበር፤ ጃኮብስን ግን ከፒትስበርግ ጀምሮ ያውቀው ነበር። ትረምፔት ነፊው አዶልፍ ኸርሴት በ1948 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ፣ ከላይ ኸርሴት ከታች ጃኮብስ ሆነው ሌሎቹን የናስ መሣሪያዎች በመካከላቸው ይዘው ስለ ተጓዙ፣ የቺካጎ ናስ ነፊዎች ዝና በዓለም ተሰማ። በ1954 ዓ.ም. በራይነር መሪነት የተቀረጸው የሪካርድ ሽትራውስ ዛራቱስትራ የተባለው ድርሰት ሸክላ ለዚህ ምስክር ነው። በ1971 ዓ.ም. ሶልቲ ኦርኬስትራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውሮፓ ሲወስደው የዚያ አገር ሕዝብ ያን ድምፅ በገዛ ጆሮው ሰማ።

አሁን ወደ ነገሩ ዋና ፍሬ መድረስ ይገባል። ትልቅ ቱባ ከፍ ባለ ኀይል ታችኛውን ድምፅ ሲሰጥ፣ በደቂቃ ከ100 ሊትር የሚበልጥ አየር ይፈጃል። እንግዲህ ሳንባው 4 ሊትር ብቻ የሚለቅ ሰው በዚህ ልክ ቢነፋ ትንፋሹ በ2 ሴኮንድ ተኩል ውስጥ ያልቃል ማለት ነው። አስም ደግሞ የአየሩን መንገድ ያጠባል፤ ዕድሜም ሲገፋ የሳንባ ይዞታ በማንኛውም ሰው ላይ ይቀንሳል። ጃኮብስ ይህ ሁሉ ደረሰበት። እንደ ሌላው ሰው ቢሆን ወይ አነስተኛውን ቱባ ይይዝ ነበር፣ ወይም ሥራውን ይተው ነበር። እርሱ ግን ሁለቱንም አላደረገም፤ የሰውን አተነፋፈስ እንደ ሐኪም ማጥናት ጀመረ።

ስለ ሳንባ፣ ስለ ደረት ጡንቻና ስለ ነርቭ የተጻፉ የሕክምና መጻሕፍትን አነበበ። የሳንባ ይዞታን የሚለኩ፣ የአየርን ግፊት የሚያሳዩ መሣሪያዎችን ገዝቶ በቤቱ ምድር ቤት ሰበሰበ። በራሱና በሌሎች ነፊዎች ላይ እየለካ አንድ ቁም ነገር አገኘ። ይኸውም የአየር ግፊትና የአየር ብዛት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ቀጭን ድምፅ ብዙ ግፊትና ጥቂት አየር ይፈልጋል፤ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ጥቂት ግፊትና ብዙ አየር ይፈልጋል። በትረምፔትም ሆነ በቱባ ያው አንድ ድምፅ ሲነፋ በአፍ ውስጥ የሚገኘው ግፊት ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ብዙ ነፊዎች ሆዳቸውን አጠንክረው፣ አንገታቸውን ገትረው መጣጣራቸው ከንቱ ድካም ሆኖ ተገኘ። የጠነከረ ሆድ አየሩን ያፍነዋል እንጂ አያስኬደውም። ቱባ የሚሻው ሳይታፈን እንደ ልብ የሚፈስ አየር ነው።

ይህን ካወቀ በኋላ ጃኮብስ ጥቂት መነሻ ገንዘብ እንዳለው ብልህ ነጋዴ ሆነ። ጥቂት ገንዘብ ያለው ነጋዴ ገንዘቡን በሣጥን ቆልፎ ቢያኖረው አያተርፍም፤ ቶሎ ቶሎ እያዘዋወረ ሲሠራበት ግን ከባለጠጋው እኩል ይገበያል። ጃኮብስም ትንፋሹን አልሰሰተም። ትንፋሽ ለማትረፍ ብሎ በዝግታ የሚነፋ ሰው ድምፁን እንደሚያከሳ ያውቅ ነበርና፣ በሙሉ ይስባል፣ በሙሉ ያወጣል፣ እንደገናም ይስባል። ትንፋሽ የሚወስድባቸውን ስፍራዎች በዜማው ሐረግ መካከል አስተካክሎ ስለሚመርጥ፣ አድማጩ የሚሰማው ያልተቋረጠ ድምፅ ብቻ ነው። ለጥቂት ትንፋሽ የሚታዘዘው የዮርክ ቱባም ረዳው። ከእርሱ በእጥፍ የሚበልጥ ሳንባ ያላቸው ወጣቶች የእርሱን ያህል የሞላ ድምፅ ለማውጣት ሳይችሉ ይቀሩ ነበር።

ትልቅ ቱባ ለሁሉ ሥራ እንደማይሆንም ያውቅ ነበር። ለምሳሌ ራቬል በ1922 ዓ.ም. ለኦርኬስትራ ባዘጋጀው በሙሶርግስኪ የሥዕል ትርኢት ውስጥ ለቱባ የተሰጠው ዜማ፣ በፈረንሳይ አገር ይሠራበት ለነበረው ትንሽ ቱባ የታሰበ በመሆኑ በጣም ከፍ ይላል። እንዲህ ያለውን ሥራ ነፊዎች በአነስተኛ መሣሪያ መጫወት የተለመደ ነው። ቫግነር፣ ብሩክነር ወይም ፕሮኮፊየቭ ሲመጣ ደግሞ ትልቁ ቱባ ተፈላጊ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ነፊ መሣሪያውን ለክብሩ ሳይሆን ለሥራው ይመርጣል።

ጃኮብስ ከኦርኬስትራው ሥራ በተጨማሪ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በግሉም ከአሜሪካና ከውጭ አገር የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀበለ። የሚመጡት ቱባ ነፊዎች ብቻ አልነበሩም፤ የትረምፔት፣ የፍሉት፣ የኦቦ ነፊዎችና ዘፋኞችም ነበሩ። ብዙዎቹም በሥራቸው ላይ ድንገት ችሎታቸው የጠፋባቸው፣ ከዳቦአቸው ለመለየት የደረሱ ሰዎች ነበሩ። መምህሩ የላስቲክ ከረጢት ሰጥቶ በትንፋሻቸው እንዲሞሉት ያደርጋል፤ ወይም በመስተዋት ቧንቧ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ኳስ በትንፋሻቸው አንሥተው እንዲይዙ ያዝዛል። ተማሪው አየሩን በዓይኑ ሲያይ ስለ ጡንቻው መጨነቅ ይተዋል። መንፊያውን ብቻ ነጥሎ ዜማ እንዲነፋበትም ያደርገዋል።

የትምህርቱ ዋና ነገር ግን ከአየር በላይ ነበር። ነፊ ሁለት መሣሪያ አለው ብሎ ያስተምር ነበር፤ አንዱ በእጁ የያዘው፣ ሁለተኛው በአእምሮው የሚሰማው ነው። በአእምሮው ያለው ድምፅ ግልጥ ካልሆነ በእጅ ያለው ናስ ምንም አይረዳውም። ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት ሳንባን ያጠናው ሰው ለተማሪዎቹ ስለ ሳንባ ብዙ እንዳያስቡ፣ ይልቁንም ለአድማጭ የሚነግሩትን ዜማ እንዲያስቡ ይመክራቸው ነበር። ዕውቀቱን ለራሱ አኑሮ፣ ለተማሪው የሚሰጠው ቀላሉን ትእዛዝ ብቻ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ማይክል ሪስ በተባለው የቺካጎ ሆስፒታል የትንፋሽ መሣሪያ መንፋት ለሳንባ ሕመምተኞች ስለሚሰጠው ጥቅም ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ሕመሙን ለማሸነፍ የጀመረው ጥናት እንዲህ ለሐኪሞችም የሚነገር ሆነ።

ቱባ ለብቻው ወጥቶ የሚሰማ መሣሪያ መሆኑን ካሳዩት አንዱም እርሱ ነው። በ1962 ዓ.ም. በፖርቶ ሪኮ በሚደረገው የካሳልስ የሙዚቃ በዓል ላይ እንዲጫወት የተጋበዘ የመጀመሪያው ቱባ ነፊ ሆነ። በ1968 ዓ.ም. የቺካጎ፣ የፊላዴልፍያና የክሊቭላንድ ናስ ነፊዎች ተሰብስበው የቬኒስያዊውን የጆቫኒ ጋብሪኤሊን ሥራ በሸክላ ሲያስቀርጹ ከመካከላቸው ነበረ። እንግሊዛዊው ቮን ዊልያምስ በ1954 ዓ.ም. ለቱባና ለኦርኬስትራ የደረሰውን ኮንቼርቶም በ1977 ዓ.ም. በዳንኤል ባረንቦይም መሪነት ከኦርኬስትራው ጋር አስቀረጸ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ60 ዓመት አልፎ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ከኦርኬስትራው በጡረታ ከወጣ በኋላም ማስተማሩን አልተወም። አርኖልድ ጃኮብስ ኦክቶበር 7 ቀን 1998 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ በቺካጎ ዐረፈ። የቱባ ነፊው ወንበር በስሙ ተሰየመ።

ያ በ175 ዶላር የተገዛው ቱባና ኋላ ያገኘው ሁለተኛው የዮርክ መሣሪያ ግን ከባለቤታቸው ጋር አልጠፉም። ኦርኬስትራው ሁለቱንም ገዝቶ የድርጅቱ ንብረት ስላደረጋቸው፣ በ1989 ዓ.ም. ስፍራውን የተረከበው ጂን ፖኮርኒ ነፋባቸው። ዮርክ የተባለው ፋብሪካ እንዲህ ያለ ቱባ መሥራቱን ካቆመ ብዙ ዘመን ቢሆንም፣ በስዊስ አገር ሂርሽብሩነር፣ በጃፓንም ያማሃ የተባሉት ሠሪዎች የጃኮብስን ቱባ ለክተው በአምሳሉ ሌሎች ሠርተዋል። እንዲህ ያሉት ታላላቅ ቱባዎች ከ20,000 ዶላር በላይ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ቅጂውን የገዛ ሁሉ የጃኮብስን ድምፅ አላገኘም። ናሱን መለካት፣ ቧንቧውን መቅዳት ይቻላል፤ የሰውየው ትጋት ግን በሜትር አይለካም።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሕይወት የሚያስተምረው፣ ለሥራ የሚሆነውን መሣሪያ በዝናው ሳይሆን በጠባዩ መምረጥ እንደሚገባ፣ የተመረጠውንም በጥቂት ገንዘብም ቢሆን በእጅ ካስገቡ በኋላ ዕድሜ ልክ አብሮ መኖር እንደሚያስፈልግ ነው። ከዚህም በላይ፣ የአቅም ማነስ ለተረዳው ሰው አስተማሪ ሊሆን ይችላል። ብዙ ያለው ሰው ሀብቱ ወዴት እንደሚሄድ ሳይመረምር ሊኖር ይችል ይሆናል፤ ጥቂት ያለው ግን ያለውን ሊያውቅና በአግባቡ ሊያውል ግድ ይሆንበታል። አርኖልድ ጃኮብስ በጥቂት ትንፋሽ ታላቁን መሣሪያ 44 ዓመት ሙሉ ያስተዳደረው ይህን ስላወቀ ነው።